ተቅማጡን የማያቆመው መድኃኒት

በደባርቅ፣ በዳባትና በሰሜን ተራሮች ግርጌ ሆድ ሲታወክ ማን ይመሰገናል፣ ማንስ ይረሳል?

ደባርቅ ላይ ጉሙ ሳይገፈፍ ጤና ጣቢያ የሚደርስ ሰው ብዙውን ጊዜ ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኑ ያልዞረ ነው። ጋቢዋን ደርባ፣ ልጇን በአንቀልባ አዝላ የመጣች እናት ነርሷ ፊት ስትደርስ የምትናገረው አጭር ነው፤ «በላይም በታችም አላስቀምጥ አለው።»

ነርሷ መጀመሪያ የምታየው ሆዱን አይደለም፤ ዓይኑን ነው። ሰርጉዷል? ከዚያ እርግብግቢቱን በጣቷ ጫፍ ዳሰስ ታደርጋለች። ቀጥላ ከእምብርቱ ጎን ያለውን ቆዳ በሁለት ጣቷ ቆንጥጣ ትለቃለች። ቆዳው ወዲያው ከተመለሰ ደግ ነው። ዘገም ብሎ ከተመለሰ ልጁ ውኃ ጎድሎታል። ከሁለት ሰከንድ በላይ እንደተቆነጠጠ ከቆየ ጊዜ የሚሰጥ ነገር የለም። በመጨረሻ ውኃ በኩባያ ታቀርብለታለች። ኩባያውን ተሻምቶ የሚጠጣ ልጅ ተጠምቷል፤ የሚያንቀላፋ፣ መዋጥ የሚያቅተው ልጅ ግን ከጥማት አልፏል።

ይህ ሁሉ ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይፈጅም፤ መሣሪያም አይጠይቅም። እናትየዋ ግን በልቧ ይዛ የመጣችው ሌላ ነው፤ መርፌ፣ መርፌ ባይሆን ባለ ሁለት ቀለም እንክብል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከብረት ላይ ተሰቅሎ የሚንጠባጠበው «ግሉኮስ»። ይዛ የምትወጣው በውኃ የሚበጠበጥ ዱቄት (ኦ.አር.ኤስ) እና የዚንክ ኪኒን ነው። ቅሬታዋን አትደብቅም። «ይኼማ ባለፈውም ተሰጥቶኝ ነበር፤ አላቆመለትም።»

እውነቷን ነው፤ አያቆምም። ሲሠራም ለማቆም አልተሠራም። ችግሩ ዱቄቱን ስትቀበል ይህን የነገራት ሰው አለመኖሩ ነው።

> ዱቄቱ የሚታገለው ከተቅማጡ ጋር አይደለም፤ ከድርቀቱ ጋር ነው።

ሁሉ አሜባ፣ ሁሉ ታይፎይድ

እዚህ አገር ሆዱን የታመመ ሰው በሽታውን ራሱ ለይቶ ነው የሚመጣው። ቁርጠት ከሆነ አሜባ፣ ግሳቱ ከሸተተ ጃርዲያ፣ ትኩሳት ከታከለበት ታይፎይድ፣ በርታ ካለ ደግሞ «ታይፎይድና ታይፈስ» አንድ ላይ። መድኃኒት ቤቶችም ደንበኛቸውን ያውቃሉ። ባንኮኒው ላይ የሚነገረው የበሽታ ስም ሳይሆን የመድኃኒት ስም ነው፤ «እስቲ ሜትሮ ስጠኝ።»

የጤና ባለሙያዎች የሚሉት ከዚህ ይለያል። ድንገት የሚነሳው፣ ውኃ የመሰለው፣ ከትውከት ጋር የሚመጣው፣ ቤት ውስጥ ከታናሹ ወደ ታላቁ የሚዛመተውና በጥቂት ቀናት ውስጥ በራሱ የሚለቀው ሕመም አብዛኛውን ጊዜ የቫይረስ ሥራ ነው። ዋነኞቹ ሁለት ናቸው። ሮታ ሕፃናትን ይመርጣል፤ ከሦስት ቀን እስከ ሳምንት ያስጨንቃል። ኖሮ ደግሞ ዕድሜ አይለይም፤ ከተያዙ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ይጀምራል፣ አዋቂውንም አልጋ ላይ ጥሎ በሁለትና በሦስት ቀን ይሄዳል። ማደሪያ ቤት፣ ድግስ ቤት፣ ካምፕ፣ ብዙ ሰው ከአንድ ድስት የሚበላበት ቦታ ሁሉ ይመቸዋል። ለመታመም መቶ የማይሞሉ የቫይረሱ ቅንጣቶች ይበቃሉ፤ አንድ ጣት በርጩማ ነክቶ ኩባያ ቢነካ ከዚህ የበለጠ ይዞ ይሄዳል።

ቫይረስን ፀረ ባክቴሪያ አይገድለውም። ሜትሮም፣ ቴትራሳይክሊንም፣ አሞክሳሲሊንም ለእሱ ምንም ናቸው። ታዲያ ላቦራቶሪው ለምን «አሜባ» ይላል? በመደበኛው ማይክሮስኮፕ ቫይረስ አይታይም። የሚታየው ትልልቁ ነው፤ አሜባውን የሚመስል፣ ግን ማንንም የማይጎዳ ወንድም ስላለው በመስታወቱ ሥር ሁለቱን መለየት አይቻልም። ቪዳል የሚባለው የታይፎይድ የደም ምርመራም አንድ ጊዜ ብቻ ተሠርቶ ይህ ነው ለማለት አያስተማምንም። እናም ሰውየው ያላመመውን ታክሞ ይወጣል፤ በሦስተኛው ቀን ይሻለዋል፤ የዋጠውንም ኪኒን ዕድሜ ልኩን ያመሰግናል።

ይህን ስጽፍ ሁሉንም ተቅማጥ ለቫይረስ ማስረከቤ አይደለም። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ሐኪምና ትክክለኛ ፀረ ባክቴሪያ ይፈልጋል። የሩዝ እጣቢ የመሰለ፣ አዋቂን ሰው በሰዓታት ውስጥ የሚያደርቅ ከሆነ ደግሞ ኮሌራ ሊሆን ይችላልና አንድ ሌሊት እንኳ ቤት አይታደርም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በቋራ የበርሚል ጊዮርጊስ ጸበል ሥፍራ የተነሳው ኮሌራ ከየአቅጣጫው የተሰበሰበውን ምእመን እንዴት እንዳጠቃ የአካባቢው ሰው አይረሳውም። ይህን ማለት ጸበሉን መንቀፍ አይደለም። ብዙ ሺህ ሰው ያለ በቂ መጸዳጃ አንድ ቦታ ሲሰነብት ግን የትም ቢሆን በሽታው መንገድ ያገኛል።

ሮታን በተመለከተ አንድ ትልቅ ነገር ተለውጧል። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ ክትባቱ በመደበኛው የሕፃናት ክትባት ውስጥ ገብቷል። በ6 እና በ10 ሳምንት በአፍ የሚንጠባጠብ ጠብታ ነው፤ መርፌ የሌለው በመሆኑ አንዳንድ እናት እንደ ክትባት አትቆጥረውም። «ተከትቦም ታመመ» የሚሉ አያቶች አሉ። ክትባቱ የሚከላከለው ሮታን ነው፤ ያውም ይበልጥ ጠንከር ያለውን፣ ሆስፒታል የሚያስተኛውን።

አንድ ሊትር ስንት ነው?

ከዳባት ከተማ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ፣ በጤና ኬላው ደጃፍ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እናቶችን ሰብስባ ዱቄቱን ስትበጠብጥ ማየት ነበረባችሁ። እጇን በሳሙና ታጠበች። ከረጢቱን ከጫፉ ቀደደች። ከዚያ ሁለት ባዶ ሃይላንድ አንስታ «የትኛው ነው ልኩ?» ብላ ጠየቀች። አንዱ ባለ ሁለት ሊትር፣ አንዱ ባለ አንድ ሊትር ነበር። ግማሹ ሰው ትልቁን መረጠ። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት ደግሞ «እኔስ በኩባያ ነው የምበጠብጠው፤ ወፈር ሲል ይበረታል» አሉ።

ሁለቱም ስህተት ነው፤ የኩባያው ግን ይከፋል። ከረጢቱ 20.5 ግራም ይመዝናል፤ ውስጡ ጨው፣ የስኳር ዓይነት የሆነው ግሉኮስ፣ ፖታሲየምና ሲትሬት ተመጥነው ተቀላቅለዋል። ልኩ አንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ነው። ሁለት ሊትር ላይ ቢበጠበጥ ይቀጥናል፣ ጥቅሙ ይቀንሳል። በኩባያ ከተበጠበጠ ግን ውፍረቱ ውኃውን ከሰውነት ወደ አንጀት ይስብና ሊያድኑት ያሰቡትን ልጅ ያደርቀዋል። ተበጥብጦ 24 ሰዓት ያለፈው ይደፋል፤ ለነገ አይቀመጥም። ከረጢቱ ከሌለ አንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ላይ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ማሟሟት ይቻላል፤ ማንኪያው አፉ ድረስ ልክ ይሁን እንጂ አይቆለል። ጨው የበዛበት ውኃ አደገኛ ስለሆነ ቀምሶ ማየት ነው፤ ከእንባ በላይ ጨው ጨው ካለ ይደፋል።

ቀጣዩ የማንኪያው ነገር ነው። ኤክስቴንሽኗ ይህን ስታሳይ ድምፅዋን ከፍ አደረገች፤ ብዙው ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ መሆኑን ታውቃለች። ልጁ ጠምቶታልና ኩባያውን ሲሰጡት ግልብጥ ያደርገዋል፣ ወዲያው ይመልሰዋል፣ እናትም «አልያዘለትም» ብላ ትተወዋለች። መድኃኒቱ ግን ትዕግሥት ነው። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ማረፍ፤ ከዚያ በየሁለትና በየሦስት ደቂቃው አንዳንድ ማንኪያ። ሌሊቱን ሙሉ። ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ከሩብ እስከ ግማሽ ብርጭቆ፣ ከዚያ በላይ ለሆነው ከግማሽ እስከ አንድ ብርጭቆ። ጡት የሚጠባ ከሆነ ጡቱ አይቋረጥም፤ እንዲያውም ይበዛለታል። ዚንኩ ደግሞ ከ10 እስከ 14 ቀን ይሰጣል፤ ተቅማጡ በሦስተኛው ቀን ቢቆምም ይቀጥላል። ይህን የምታደርግ እናት እምብዛም አትገኝም፤ የተረፈውን ኪኒን «ለሌላ ቀን» መሶብ ሥር የምታስቀምጠው ትበዛለች።

ሥራው እንዴት ነው? የታመመ አንጀት ጨውን ብቻውን አያስገባም። ስኳሩ ጨውን እጁን ይዞ ያስገባዋል፤ ጨው የገባበት ውኃ ይከተላል። በሽታው በበረታበት ሰዓት እንኳ ይህ በር አይዘጋም። ሳይንቲስቶች ነገሩን በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ደርሰውበት ነበር፤ በሰፊው የተፈተነው ግን በጭንቅ ቀን ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 የባንግላዴሽ ጦርነት ሚሊዮኖችን ወደ ሕንድ ሲያፈናቅል ቦንጋዎን በተባለች የድንበር ከተማ ኮሌራ ገባ። በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ አለቀ። ዲሊፕ ማሃላናቢስ የተባለው ሐኪም ጨውና ስኳር በበርሜል እያስበጠበጠ የታማሚ ዘመዶች በኩባያ እንዲያጠጡ አደረገ። ሞቱ በከፍተኛ ደረጃ ወረደ። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግኝቱን ከክፍለ ዘመኑ ታላላቆች ተርታ አሰለፈው። እኛ ዘንድ ግን ያው ዱቄት ከ«ግሉኮስ» በታች ነው፤ ደም ሥር የሚገባውም ጠርሙስ በመሠረቱ ውኃ፣ ጨውና ስኳር መሆኑን የሚያስብ የለም።

> «ወፈር ሲል ይበረታል» የሚለው ሐሳብ ከበሽታው ይልቅ ልጁን ይጎዳል።

መጠጣት ለሚችል ሰው የአፉ ይበቃል። መጠጣት ላቃተው፣ ሰውነቱ ለዛለ፣ ሽንቱ ለጠፋ፣ ያለማቋረጥ ለሚያስመልስ ግን በደም ሥር የሚሰጠው ግዴታ ነውና ወደ ሆስፒታል መሮጥ ነው። መንገድ የሚከፈትበትም የሚዘጋበትም ቀን አለ። ቤት ውስጥ ሁለት ከረጢት ማስቀመጥ ዱሮ ጥንቃቄ ነበር፤ ዛሬ ከዚያ አልፏል።

ያቆመውስ ማን ነው?

በራሱ ጊዜ የሚያልቅ በሽታ ለሁሉም ሐኪም ጥሩ ነው። በመጨረሻው ቀን የደረሰው ይመሰገናል።

በመጀመሪያው ቀን ፌጦ በሎሚ ይሞከራል። ነጭ ሽንኩርት ይታኘካል። አዋቂው አንድ መለኪያ አረቄ ይገለብጣል። ለስላሳ የሚገዛለትም አለ፤ ስኳሩ ከልክ በላይ ስለሆነ ተቅማጡን ያብሳል። በሁለተኛው ቀን መድኃኒት ቤት ይኬዳል። በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን፣ ልጁ ሕፃን ከሆነ፣ ጎረቤት ከአያት ጋር ይማከርና «ግግ ነው» ይባላል። ድዱ ላይ ነጣ ብሎ የሚታየው ገና ያልወጣ የወተት ጥርስ ትል ወይም በሽታ ነው ተብሎ በስለት ይነቀላል። እንጥሉም ይቆረጣል። በማግሥቱ ወይም በሣልስቱ ተቅማጡ ያቆማል፤ ሊያቆም ቀኑ ደርሶ ነበርና። ግግ ያወጣችው ሴት ስሟ ከቀበሌ ቀበሌ ይሄዳል።

አንዲት አያት እንዲህ ሲሉ ይከራከራሉ፤ «ስድስት ወልጃለሁ፤ የስድስቱንም አስወጥቻለሁ፤ ሁሉም አሉ።» ክርክራቸው የዋዛ አይደለም፤ በዓይናቸው ያዩትን ነው የሚናገሩት። ያላዩት ግን ስለቱ ያመጣውን ነው። ደሙ አልቆም ያለውን፣ መንጋጋ ቆልፍ የያዘውን፣ ከሥር ያለው የቋሚ ጥርስ ፍሬ ተነቅሎ ጥርሱ ጎድሎ ወይም ተጣሞ ያደገውን ከግግ ጋር የሚያያይዝ የለም። ጥርስ ማብቀልና ተቅማጥ የሚገጣጠሙት ልጁ በዚያ ዕድሜ መዳህ ስለሚጀምርና ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ስለሚከት ነው።

ዱቄቱ ከእነዚህ ሁሉ ጋር ሲወዳደር ያሳዝናል። ልጁን አራት ቀን በሕይወት አቆይቶት ምስጋናውን ሌላው ይወስደዋል። እኔ እንደሚመስለኝ ጤና ጣቢያዎቻችን ዱቄቱን ሲሰጡ አንድ ዐረፍተ ነገር ቢጨምሩ ብዙ ይለወጣል፤ «ይህ አያቆመውም፤ እስኪያቆም ድረስ ግን ልጅሽን ያቆይልሻል።» መድኃኒቱ ያልገባውን ቃል አፈረሰ እየተባለ ነው የሚጣለው።

ደጋው፣ ቆላውና የፈላው ውኃ

ዳባት ለሕፃናት ሞት እንግዳ አይደለችም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በወረዳው ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን ቤት ለቤት እየዞረ ይመዘግባል። ሰው ሲሞት መዝጋቢው ቤተሰቡን ቁጭ አድርጎ ይጠይቃል፤ ምን አመመው፣ ስንት ቀን፣ ተቅማጥ ነበረው ወይ። 

ተቅማጥን ለመከላከል ውኃ ማፍላትን በተመለከተ ግን የደጋ ሰው አንድ ጥርጣሬ አለው። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ስላለች ውኃ እዚያ የሚፈላው በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ በሰሜን ተራሮች ፓርክ ባለው ጨነቅ ካምፕ ላይ ከ90ም በታች ነው። ባቄላ አልበስል የሚለው ለዚህ ነው። «ታዲያ ይህ ውኃ ምን ይገድላል?» ይላሉ። ይገድላል፤ ጀርሞቹ የሚሞቱት ከዚያ ባነሰ ሙቀት ነው። ለከፍታ ቦታ የሚመከረው ከተንፈቀፈቀ በኋላ 3 ደቂቃ ማቆየት ነው። ማገዶ ውድ ለሆነበት ቤት ውኃ አጋርን የመሰለ ክሎሪን ይረክሳል። ያም ሆኖ ንጹሕ ውኃ በቆሸሸ ጣሳ ከጀሪካን ከተጨለፈ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው።

ቦታው ሌላም ግራ የሚያጋባ ነገር አለው። ከጎንደር ተነስቶ በአንድ ቀን በፓርኩ ውስጥ ሳንቃበርን አልፎ ጊች የወጣ ሰው ራሱን ቢያመውና ቢያስመልሰው የግድ ምግቡ አይደለም። ተቅማጥ ሳይኖር ራስ ምታትና ትውከት ካለ ከፍታው ነው፤ መድኃኒቱም መውረድ ነው። በተቃራኒው ሊማሊሞን ቁልቁል ወርዶ ዛሪማና አዲ አርቃይ፣ ወይም ለሰሊጥ አጨዳ መተማና ሁመራ ሰንብቶ የተመለሰ ሰው ትኩሳትና ትውከት ከያዘው መጀመሪያ የወባ ምርመራ ያድርግ። ሕፃናት ላይ ወባ ተቅማጥም ያመጣል። «ሆዴን ነው» ብሎ ሜትሮ እየዋጠ የቆየ የቀን ሠራተኛ ታሪክ በየጤና ጣቢያው ሞልቷል።

አጥሚቱና ተራው

«ሆዱ እንዲያርፍ» ተብሎ ምግብ መከልከል የቆየ ልማድ ነው፤ ጎጂም ነው። ትውከቱ ጋብ እንዳለ መብላት መጀመር ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ደጋው ሀብታም ነው። ቀጠን ያለ የገብስ ወይም የአጃ አጥሚት ጨው ጣል ተደርጎበት ሆድ አይከብድም፤ ፈሳሽም ምግብም ነው። በጾም ወተትና ቅቤ ባይገባበትም ያው ነው። ልጁ ከዳነ በኋላ ለሁለት ሳምንት በቀን አንድ ጊዜ ተጨማሪ ቢበላ የቀነሰውን ኪሎ ይመልሳል። አዋቂም ቢሆን በሦስተኛው ቀን ድኛለሁ ብሎ ጥሬ ሥጋና ጠላ ላይ ከቀረበ የአንጀቱ ቁስል ገና አልዳነምና ይመለስበታል። ከፋሲካ ማግሥት ጀምሮ መድኃኒት ቤቶች የሚጨናነቁት ከዚህም የተነሳ ነው።

የኖሮ ክፋት ደግሞ ሰውየው ከዳነ በኋላ ነው። ተቅማጡ ካቆመ በኋላም ቫይረሱ ከሰውነቱ መውጣቱን ይቀጥላል። ስለዚህ የሚመከረው ምግብ የሚያበስል ሰው ከዳነ ቢያንስ 48 ሰዓት ከድስቱ እንዲርቅ ነው። አልኮል ያለበት የእጅ ማጽጃ ይህን ቫይረስ እምብዛም አይደፍረውም፤ ሳሙናና ውኃ፣ ሳሙና ከጠፋ አመድ፣ ለወለሉና ለዕቃው በረኪና ይሻላል።

> አብሳዩን የሚያሳስበው አልጋ ላይ የቆየበት ቀን አይደለም፤ ያለፈው የሥራ ተራ ነው።

ምክሩ ደባርቅ ሲደርስ ግን ከኑሮ ጋር ይጋጫል። ፓርኩን ለሚጎበኘው ሰው የሚያበስለው፣ ጭነቱን በበቅሎ የሚያጓጉዘው፣ መንገድ የሚመራው ሁሉ የሚሠራው በተራ ነው። ተራው ያለፈው ሰው መቼ እንደሚደርሰው አያውቅም፤ በተለይ እንግዳ በቀነሰ ጊዜ። «ሁለት ቀን ተኝቼ ተራዬ ቢያልፍ ልጆቼን ማን ያበላል?» የሚል አብሳይ ትናንት ሲያስመልሰው እንደነበር ለማንም ሳይናገር ወደ ሳንቃበር ይወጣል፤ ጨነቅ ሲደርሱ ካምፑ ሙሉ በሙሉ ሆዱን ይይዛል፤ እንግዳው ደግሞ ውኃውን ይከሳል።

መላው ውድ አይደለም። አብሳዩ ከቡድኑ ሳይወጣ ለሁለት ቀን ከበቅሎ ነጂው ጋር ሥራ ይቀያየር፤ እሱ ድንኳን ይትከል፣ ጭነት ያስር፣ ሽንኩርቱን ሌላው ይክተፍ። አበሉ አይነካም፣ ተራውም አያልፍም። የአብሳዮቹና የበቅሎ ነጂዎቹ ማኅበራት ይህን በደንባቸው ላይ ቢያሰፍሩት አብሳዩም የሚደብቀው ነገር አይኖረውም።